ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፦ ጂ+4 ንድፍ ላይ ቀድሞ ምን ይታይ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ 300 ካሬ ላይ ጂ+4 (ግራውንድና በላዩ አራት ፎቅ) ቅይጥ ሕንፃ ሊሠራ ነው። ግራውንዱ ሱቅና ካፌ ሆኖ ከፍታው 4 ሜትር፣ ከዚያ በላይ ያለው መኖሪያ ሆኖ እያንዳንዱ ወለል 3 ሜትር ነው። ለግንባታ ፈቃድ ከመግባቱ በፊት ምን ማስተካከል ይሻላል?

መልስ (አርክቴክት)፦ የፕላን ስምምነቱን አስቀድመው ያውጡ። በቦታው የተፈቀደው አገልግሎትና የወለል ብዛት ሳይታወቅ ንድፍ መጨረስ ድካም ነው። ቤቶቹ ለየብቻ የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ያንብቡ፤ የጋራ መጠቀሚያው ከወዲሁ በንድፉ ላይ ተለይቶ ይታይ።

ዋናው ችግር ግን ደረጃው ላይ ነው። 3 ሜትር ከፍታ በ18 እርከን ሲካፈል እያንዳንዱ 16.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 9 በ9 ሆኖ ይታጠፋል። ዘጠነኛው እርከን የሚወጣው ማረፊያው ላይ ስለሆነ መርገጫው ስምንት ነው፤ ስምንት መርገጫ በ30 ሳንቲ ሜትር 2.40፣ ሁለት ማረፊያ በ1.20 ሲደመርበት 4.80 ሜትር ነው። ግራውንዱ ግን 24 እርከን ይፈልጋል፤ 12 በ12 ስለሚሆን ርዝመቱ 5.70 ይደርሳል። ብዙ ንድፍ የላይኛውን ወለል ደረጃ ወደ ታች ገልብጦ ስለሚሳል፣ 90 ሳንቲ ሜትሩ የሚጎድለው ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ከተሞላ በኋላ ሲታወቅ ነው። ያኔ እርከኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ሽማግሌም ሕፃንም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

መልስ (የሳኒተሪ መሐንዲስ)፦ መታጠቢያ ቤቶቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይደርደሩ። ሻፍቱ (ቱቦዎቹ ቁልቁል የሚወርዱበት ክፍተት) 8 ሜትር ከራቀ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ2 ፐርሰንት ተዳፋት 16 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቢሙ (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ) 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነና ቱቦው በሥሩ ካለፈ የሱቁ ኮርኒስ 3.20 አካባቢ ይቀራል። ቢም መብሳት አይታሰብ!

የሱቁን ሽንት ቤት ከላይ ከሚወርደው ቱቦ ጋር አያገናኙት፤ ለብቻው ወደ ማንሆል ይውጣ። ታች ሲደፈን የፎቆቹ ፍሳሽ ሁሉ የሚገነፍለው ዝቅ ባለው መቀመጫ በኩል ነው። የካፌው ማጠቢያ የቅባት ማጥመጃ ጉድጓድ ይኑረው፤ የጭስ ማውጫውም ጣሪያ ድረስ ይውጣ። በጓሮ በኩል ከተለቀቀ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ መስኮት መክፈት አይችልም።

ጠያቂ፦ የደረጃው ቦታ 4.80 ብቻ ነው፤ ኮለኖቹም (ምሰሶዎቹ) ተወስነዋል። መፍትሔ አለው?

መልስ (አርክቴክት)፦ አለው። ስድስቱን እርከን የነዋሪዎች መግቢያ ውስጥ፣ ከደረጃው ቦታ ውጪ ያስጀምሩት። 6 ጊዜ 16.7 አንድ ሜትር ነው፤ የቀረው 18 እርከን እንደ ላይኛው ወለል በ4.80 ይገባል። ስድስቱ እርከን አምስት መርገጫ ብቻ ስላለው 1.50 ሜትር ይበቃዋል። ሊፍት ካለ በሩ ከእርከኖቹ በፊት፣ ከመንገዱ ጋር እኩል በሆነው ወለል ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ በዊልቸር የሚመጣ ሰው ሊፍቱ ጋ አይደርስም።