«ስለት አለብኝ» ሲባል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የባሕር ዳር ዘመዶቼ ከበሽታ ወይም ከመከራ ሲወጡ «ስለት አለብኝ» ይላሉ። «ቃል ገብቻለሁ» ከማለት በምን ይለያል? ከቢላዋ ስለትስ ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዝምድና የላቸውም። የቢላዋው «ሳለ» ከሚለው፣ ማለትም ስል አደረገ ከሚለው የመጣ ነው። ያንቺው በግእዝ «ስእለት» ነው። ግሡ «ሰአለ»፣ ለመነ ማለት ነው። በቅዳሴ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲባል የምንሰማው ይህንኑ ግሥ ነው። አማርኛችን «እ»ን ዋጠና ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ሆኑ።

ቃል ለማንም ይገባል፤ ለጓደኛም፣ ለቤት አከራይም። ስለት ግን ለፈጣሪ ወይም ለታቦት ነው። «ከዚህ ጭንቅ ካወጣኸኝ» የሚል ነገርም አለበት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ነዝር» ይሉታል። ዮናስን አስቡት። በዓሣው ሆድ ውስጥ ሆኖ የተሳለውን እንደሚከፍል ይናገራል። «መክፈል» የሚለውን ልብ በሉ። እኛም ስለትን የምንይዘው እንደ ዕዳ ነው። ያልከፈለ ሰው «አለብኝ» ይላል።

በወር በገባ በ23 ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ብትሄዱ ይህን ዕዳ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አንዷ እናት ጧፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። ሌላዋ አዲስ ዣንጥላ በፌስታል ጠቅልላ አቅፋለች። ስለታቸው ሲነገር ሕዝቡ እልል ይላል። የታመመው ልጅ ድኗል፣ የጠፋው ተገኝቷል፤ እንግዲህ ማንም አያስገድዳቸውም። ግን ይመጣሉ። እኔ ይህን ቃል የምወደው ለዚህ ነው። ሲጨንቀው የማይሳል የለም፤ ቀን ካለፈለት በኋላ ተነስቶ መሄድ ግን ሌላ እምነት ይጠይቃል።

«ኪዳን» ደግሞ ሁለት ወገን ያለው ውል ነው። ዘጌ ላይ ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው፤ የምሕረት ቃል ኪዳን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እግረ መንገዴን ልጠይቅ። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው «ቃለ አባይ» ይባላል። ከጣና ወጥቶ የሚሄደው ወንዛችን ምን አድርጎ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወንዙ የለበትም! ይሄኛው «አባይ» ከ«አበለ» የመጣ ነው፤ ዋሸ ማለት ነው። ወንዙን በዓይኑ «ዓ» ብንጽፈው ለአንባቢም ይለይለታል። አባቶች ቃል ማጠፍን ምን ያህል እንደሚጸየፉት ለማወቅ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን መስማት ይበቃል። ከባድ አባባል ነው። እኔ ለልጅ አልለውም፤ የቃልን ዋጋ ግን ይናገራል።

ስለት ከሰመረ በኋላ እኛ ዘንድ «ስለቴን አስገባሁ» ይባላል። «አደረስኩ» የሚሉም አሉ። በእናንተ አካባቢ የትኛው ይዘወተራል?