ሞተሬ ጣና ውስጥ ሁለት ሌሊት አድሮ ወጣ፤ ላስነሳው ወይስ ላድርቀው?

ጠያቂ (ከቁንዝላ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከደቅ ስንመለስ ከግልገል ዓባይ መግቢያ ሳንርቅ ማዕበል ጀልባችንን ገለበጣት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ተርፈናል። ሞተሩ ግን እየሠራ ሰጠመ። ባለ ሁለት ፒስተን፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚጨመርበት ዓይነት። ዛሬ ጠዋት ጎትተን አወጣነው። አሁን ዳር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየመታው ነው። የማስነሻ ገመዱን ልሳበው?

የዘጌው፦ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈች። ሽፋኑን ከፍተህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ተወው። የእኔ ስልክ ጤፍ ውስጥ አድሮ ድኗል።

መካኒክ (ባሕር ዳር)፦ ወንድሜ፣ ገመዱን እንዳትነካው! ፀሐይ ላይም አታቆየው። ዛሬውኑ የማትፈታው ከሆነ ወደ ውሃ መልሰው።

የዘጌው፦ ስንት ሰው ደክሞ ያወጣውን?

መካኒክ፦ አዎ። ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። ውሃ ውስጥ ሳለ ዝገቱ አዝጋሚ ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ኩሽኔታዎቹ በሰዓታት ውስጥ መዛግ ይጀምራሉ። በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞልተህ ንከረው።

ስትፈታው መጀመሪያ ባትሪ ካለው ንቀል፤ ጭቃውን በንጹሕ ውሃ እጠብ። ሁለቱን ካንዴላዎች (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጣና ቀዳዳዎቹ ወደ መሬት እንዲያዩ አስተኛው። ከዚያ በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ በጉልበት ካዞርከው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ይጣመማል። እየሠራ ስለ ሰጠመ የምፈራውም ይህንኑ ነው። እርሳስ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተህ ፒስተኑ እስከ የት እንደሚወጣ ለካ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። አሸዋ ሲፈጭ የሚመስል ድምፅ ከሰማህ ግን ማዞሩን ተው፤ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት።

ካርቡራተሩን (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለውን) እና የቤንዚን ታንኩን ባዶ አድርግ። ውሃው ሲያልቅ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ዘይት አፍስስና ደግመህ አዙር።

ጡረተኛ ጀልባ ነጂ፦ መካኒኩ ልክ ነው። የምታወጣውን ቤንዚንና ዘይት በባልዲ ያዝ እንጂ ወደ ሐይቁ አታፍስስ፤ የምንጠጣው እርሱን ነው። ከተነሳልህም ወዲያው አታጥፋው። ጀልባው ላይ አስረህ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ እየሳበ፣ አንድ ሰዓት ያህል በዝግታ ይሥራ፤ ውስጡ የቀረውን እርጥበት የሚያደርቀው የራሱ ሙቀት ነው። የታችኛውን የማርሽ ዘይትም እይ፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጠያቂ፦ የኔ ባለ አራት ምት፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚን ሳይቀላቀል ለብቻው የሚጨመርበት ቢሆንስ ኖሮ? ጎረቤቴ እንደዚያ ያለ አለው።

መካኒክ፦ ያኔ የሞተር ዘይቱን ወተት መምሰሉ እስኪቀር ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር ነው። የአንተስ?

ጠያቂ፦ አሁን ፈታሁት ጋሼ። አሸዋ የለም፤ በእጅ ይዞራል። ነገር ግን የታችኛው ፒስተን ከላይኛው በክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል።

መካኒክ፦ እንግዲያው ዘንጉ ታጥፏል፤ አታስነሳው። በመዶሻ አቃናልሃለሁ የሚል ካለም እምቢ በለው፤ ዘንጉ መለወጥ አለበት። ውስጡን በዘይት አርጥበህ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፈህ አምጣው።

የዘጌው፦ እስኪጠገን የእኔን ታንኳ ውሰዳት። ካንዴላ የላትም።