ሕጉ 8.9 ቢሊዮን ካለ የጨረር ሰዓት ለምን ያጥራል?

ክሪስታል፦ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቺፕስና ሳይንስ ሕግ ለአሜሪካ ኢነርጂ ዲፓርትመንት የሳይንስ ቢሮ ለ2023 በጀት ዓመት 8.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈቅዷል። ታዲያ በብሔራዊ ላብራቶሪዎቹ የሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያሽከረከረ ኃይለኛ የኤክስሬይ ጨረር የሚያመነጭ ማሽን) መጠቀሚያ ሰዓት ለምን አይበቃም? የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪስ ሰዓቱን በምን መንገድ ያገኛል?

በጀት_አንባቢ፦ የተፈቀደ ሁሉ የተሰጠ አይደለም። ያ ሕግ ጣሪያውን ነው ያስቀመጠው፤ ካዝናውን የሚከፍተው በየዓመቱ የሚወጣው የድልድል ሕግ ነው። ለ2023 የተደለደለው 8.1 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ ትልቁን ድርሻ፣ ወደ 2.5 ቢሊዮን፣ የወሰደው የመሠረታዊ ኢነርጂ ሳይንስ ክፍል ነው።

ሌላው ጣጣ መዘግየት ነው። በጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ሲጀምር ኮንግረስ ካልጨረሰ፣ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ወጥቶ ሥራው ባለፈው ዓመት ልክ ይቀጥላል፤ አዲስ ፕሮጀክት መጀመር ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። ግንባታ ላይ ያለውን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል። የግንባታ ወጪ ዓመት ከዓመት እኩል አይደለም፤ ማግኔቱና የቫኪዩም ቧንቧው በሚታዘዝበት ዓመት ያብጣል። በአምናው ልክ ሲያዝ ትእዛዙ ይገፋል፣ መገፋቱም ወጪውን ያንረዋል።

ኒውትሮን፦ በጀቱ ባለበት ቢቆምም ሰዓቱ ይቀንሳል። ደመወዝና መብራት እየጨመሩ ሲሄዱ የሚቆረጠው ማሽኑ የሚሠራበት ሳምንት ነው። እድሳትም አለ፦ የአርጎን ብሔራዊ ላብራቶሪ ሲንክሮትሮን፣ ኤፒኤስ፣ 1.1 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ቀለበቱን በ815 ሚሊዮን ዶላር ፕሮጀክት ሊቀይር በኤፕሪል 2023 ቆሞ፣ ጨረር የተመለሰው በ2024 ነው።

ማመልከቻውን በተመለከተ፦ ውጤቱ የሚታተም ከሆነ ሰዓቱ ነጻ ነው፤ በሚስጥር የሚያዝ ከሆነ ሙሉ ወጪው ይከፈላል። ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በራሳችሁ ላብራቶሪ ያለው ኤክስሬይ ማሽን ለምን አይበቃም?» ነው፤ ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ መልሱ። ሰዓት የሚታደለው በ8 ሰዓት ፈረቃ ነውና ሒሳቡን ዘርዝሩ፦ 12 ናሙና በ20 ደቂቃ 4 ሰዓት ነው፤ ማስተካከያና የሙቀት መረጋጊያ ሲታከል አንድ ፈረቃ ይሞላል። «ሦስት ቀን ይበቃናል» ብሎ ማለፍ ነጥብ ያስጥላል።

ክሪስታል፦ ናሙናው የሊቲየም ባትሪ ሴል ቢሆንስ?

ኒውትሮን፦ በደኅንነት ቅጹ ላይ የኬሚካሉን ዓይነትና መጠን አስቀድማችሁ አስፍሩ። አሜሪካዊ ያልሆነ የቡድን አባል ካለ የመግቢያ ፈቃዱም ጊዜ ይወስዳል። ሰዓቱ ጸድቆ ናሙናው በር ላይ የሚቀረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።