የሂስፓኒክ እናቶች የእርግዝና ክትትል፦ የሚያዘገያቸው ባህል ነው ወይስ ሥርዓቱ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት ከአባሎቻችን አንዷ በአሜሪካ የሚኖሩ ሂስፓኒክ (ዝርያቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ነፍሰ ጡሮች የሕክምና ክትትል ዘግይተው የሚጀምሩት ባህላቸው ስለሚይዛቸው ነው ማለታቸው ብዙ አስተያየት አስነሥቷል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ከኤል ሳልቫዶር ቤተሰቦች ጋር የምንጎራበት፣ በየሆስፒታሉም የምናስተናግዳቸው እኛው ስለሆንን፣ ነገሩ በወጉ እንዲመከርበት ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ሐሳቡን ያነሡት እህታችን ይጀምሩ።

አዋላጅ ነርስ፣ ዳላስ፦ አሁንም በሐሳቤ እንደጸናሁ ነኝ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በቴክሳስ ባለፈበት ሳምንት፣ ከሜክሲኮ የመጡ ነፍሰ ጡሮች ልጃቸው ከንፈሩ ተሰንጥቆ እንዳይወለድ ከውስጥ ልብሳቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተው ይመጡ ነበር፤ አንዷማ ለእኔም ትርፍ እንዳላት ነግራኛለች። ይህ ማንንም አይጎዳም። የሚያሳስበኝ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ባለበት ቅብ በተለበጠ የሸክላ ዕቃ መብላትና በእርግዝና አምሮት አፈር መቅመስ ነው፤ ሊድ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱ ዘንድ ይደርሳል። አይቡንም አትርሱት። እ.ኤ.አ. በ1985 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ በሜክሲኮ ስልት ከተሠራ አይብ በተነሣው ሊስቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ 142 ሰዎች ታመው 48 ሕይወት ጠፍቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ጽንሶች፣ 10ሩ ደግሞ አራስ ሕፃናት ነበሩ። ከታመሙት እናቶችም አብዛኞቹ ሂስፓኒክ ነበሩ። ታዲያ ባህል ምንም አላደረገም ልንል ነው?

የሕግ ባለሙያ፣ ሎስ አንጀለስ፦ እህቴ፣ ያ አይብ በየሱቁ በይፋ የሚሸጥ የፋብሪካ ምርት ነበር፤ ምርመራውም በአግባቡ ያልታከመ ወተት ሳይቀላቀልበት እንዳልቀረ አመልክቷል። ጥፋቱ የፋብሪካው ሆኖ ሳለ በገዢዋ እናት ምግብ ላይ መለጠፉ ተገቢ አይመስለኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ «ባህል» የሚለው ምክንያት በባለሥልጣን እጅ ሲገባ የሚሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 አሥር የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሴቶች፣ በዚሁ ከተማ በሚገኝ የሕዝብ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ሲወልዱ ማኅፀናቸው ዳግመኛ እንዳይፀንስ ተደርጓል ብለው ከሰሱ፤ ማድሪጋል እና ኩዊሊጋን በሚል የሚታወቀው መዝገብ ነው። ከእነርሱ መካከል በምጥ ላይ ሳሉ፣ በማያነቡት እንግሊዝኛ በተጻፈ ቅጽ ላይ እንዲፈርሙ የተደረጉ ነበሩ። ዳኛ ጄሲ ከርቲስ እ.ኤ.አ. በ1978 ለሐኪሞቹ ሲፈርዱ፣ ነገሩን የመግባባት ጉድለት አድርገው ያዩት ከመሆኑም በላይ፣ የሴቶቹ ኀዘን የበረታው ልጅ መውለድን እጅግ ከሚያከብረው ባህላቸው የተነሣ ነው ብለዋል። ከሳሾቹ ጉዳታቸውን እንዲያስረዳላቸው ያቀረቡት የአንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ባህል ጥናት) ምሁር ምስክርነት መልሶ እነርሱኑ መታቸው። ስለዚህ አንዲት እናት ለምን ዘገየች ሲባል ፈጥነን ባህሏን ስንጠራ፣ በዚያ ችሎት የተደረገውን እንዳንደግም እሰጋለሁ።

መዘግየቱንስ ቢሆን ሕጉ ራሱ ያስረዳዋል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት እናት ሜዲኬይድ በተባለው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በተዘጋጀ የመንግሥት የጤና መድን፣ በፌዴራሉ በኩል የሚሸፈንላት ድንገተኛ ሕክምና ሲሆን፣ ምጥና ወሊድ በዚያ ውስጥ ይካተታሉ፤ የእርግዝና ክትትሏ ግን እንደምትኖርበት ግዛት ይለያያል። በመውለጃዋ ዕለት በሩ የሚከፈትላት እናት ወራቱን ሁሉ ውጭ ብትቆይ የማን ባህል ነው?

የሕዝብ ጤና ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ባህልን ወይ ጥፋተኛ ወይ ሰበብ አድርጋችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ማርኪደስና ኮሬል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የሂስፓኒኩ ማኅበረሰብ ኑሮ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ በብዙ የጤና መለኪያዎች ከነጮቹ ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይተዋል። በሜክሲኮ የተወለደች እናት አሜሪካ ተወልዳ ካደገችው የሜክሲኮ ዝርያ ካላት እናት ይልቅ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ዝቅተኛ ነው። ሲጋራ እምብዛም አለማጨሷ፣ ከአገሯ ይዛው የመጣችው አመጋገብና በዙሪያዋ ያሉት ዘመዶቿ እንደ ምክንያት ይጠቀሳሉ፤ የሚሰደደው ከመጀመሪያውም ጤነኛው ነው የሚሉም አሉ፣ ይህም አይናቅም። ባህሉ እየሳሳ ሲሄድ ጥቅሙም አብሮ የሚሳሳ ከሆነ ግን የእህታችን ክስ ይላላል።

ደግሞም «ሂስፓኒክ» ብሎ በአንድ መጠቅለሉ ብዙ ይሸፍናል። ፖርቶ ሪካውያን በትውልድ የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳለ የሕፃናት ሞታቸው ከሜክሲኮና ከኩባ ዝርያዎች ይበልጣል። ወንድሜ ያነሡት የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይም ይህን ብቻውን አያስረዳውም።

የሕክምና አስተርጓሚ፣ ቨርጂኒያ፦ በአጭሩ ልናገር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ እናቱ የማኅፀን ደም ሲያስተረጉም በተቀመጠበት ክፍል ገብቼ ተክቼዋለሁ። እናትየው ለልጁ «ደህና ነኝ» ስትል ነበር የቆየችው፤ እርሱ ከወጣ በኋላ ደም ሲፈስሳት መሰንበቱን ነገረችን። በመዝገቧ ላይ ቀደም ሲል የተጻፈው «ታካሚዋ በባህሏ ምክንያት ቁጥብ ናት» የሚል ነበር።

አዋላጅ ነርስ፣ ዳላስ፦ የመዘግየቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ከባህል ይልቅ የኢንሹራንስና የፍርሃት ጉዳይ ነው። የቀረውን ግን አልለቅም። ኢንሹራንስም አስተርጓሚም ያላት እናት እንኳ የምትጠቀምበትን ነገር ትደብቀናለች፣ የምትደብቀውም ስለምንስቅባት ነው። ከወለደች በኋላ ላሉት 40 ቀናት ኳሬንቴና የሚሉትን ወግ ትጠብቃለች፤ ከብርድ ትሸሸጋለች፣ የዶሮ ሾርባ ይሠራላታል፣ እናቷ ወይም አማቷ ቤቱን ትይዝላታለች። ገንፎ በቅቤ ተሠርቶልን አራስ ቤት የተኛን እኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም፤ ሆኖም በዎርዳችን ገና እንደወለደች በረዶ የሞላበት ውኃ ይቀርብላታል፣ አልጠጣም ስትል ደግሞ «ፈሳሽ አልወስድም ብላለች» ተብሎ ይጻፋል። እኔ ለብ ያለ ውኃ አምጥቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቤት ውስጥ በምን ዕቃ እንደምትበላ እጠይቃለሁ። የሸክላውን ድስት ነገር የሰማሁት እንዲህ ስጠይቅ ነው፤ የደም ምርመራም የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ሎስ አንጀለስ፦ እንዲህ ከሆነ ልዩነታችን ጠብቧል። ይሁንና ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በየፈረቃው እንዲኖር የሚያስገድድ መመሪያ ሆስፒታልዎ አለው ወይስ ነገሩ በእርስዎ ደግነት ላይ የቆመ ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ዳላስ፦ መመሪያ የለም። በሌሊቱ ፈረቃ የሚጠይቃት ሰው የለም።