ሽማግሌዎች በወረቀት ከለያዩአቸው በኋላ ለተወለደች ልጅ አባቷ ማን ነው?

ጠያቂ፣ ከደምበጫ ዙሪያ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ የታናሽ እህቴን ትዳር የሚመለከት ነው፤ ሕግ የምታውቁና በሽምግልና ያለፋችሁ ሁሉ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እህቴ በ2005 ዓ.ም. በሰማንያ ተዳረች። ውሉ በሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና ምስክሮች ፊት ተጽፎ የተፈረመ ሲሆን በወሳኝ ኩነት መዝገብ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ባልና ሚስቱ ክፉኛ ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም ማስታረቅ ሲያቅታቸው እህሉንና ከብቱን አካፈሉና «ከእንግዲህ ተለያይተዋል፤ አንዱ በሌላው ላይ መብት የለውም» የሚል ወረቀት ጽፈው ሁለቱንም አስፈረሙ። እህቴ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር እንደነበረች ለማንም አልተናገረችም። ወደ ወላጆቻችን ቤት ተመልሳ ሚያዝያ 10 ቀን ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኗ አሁን ሰባተኛ ወሯን አልፋለች።

ባልየው «እኔ ክረምቱን በሙሉ መተማ ሰሊጥ አረማ ላይ ስለነበርሁ ልጅቱ የእኔ አይደለችም» ይላል። እርግጥ ነው፣ በሐምሌ መጀመሪያ ሄዶ የተመለሰው ለመስቀል ነው። እናቱ ግን አራስ ጥየቃ መጥተዋል፤ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣም ተገኝተዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ስንሄድ የቀበሌው ሠራተኛ «አባት ነኝ የሚል ሰው ካልመጣ የአባት ስም አልጽፍም» ብሎ መለሰን። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ደግሞ ሰውየው በሌላ ቤት ሽማግሌ ልኮ ለጥር ሠርግ እየደገሰ መሆኑ ነው። በመጨረሻም በትዳራቸው ጊዜ የሠሩት የቆርቆሮ ቤትና የተከሉት ባሕር ዛፍ ያለው ከአባቱ ባገኘው መሬት ላይ ስለሆነ «ለእሷ የሚደርሳት የለም» ተብለናል። እህቴ ምን መብት አላት?

መልስ፣ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሦስት ነገር የያዘ ቢመስልም ሁሉም በአንድ ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ይህ ጋብቻ በሕግ ፊት ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም? እኔ እንደማየው አልፈረሰም።

አስቀድሜ የሚገዛችሁን ሕግ ልናገር። ጎጃም ውስጥ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በብዙ ሰው እጅ የሚገኘው አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፌዴራሉ ሲሆን የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ሁለቱ ከዚህ በታች በማነሣቸው ነጥቦች በመሠረቱ አንድ መንገድ የሚከተሉ ቢሆንም የአንቀጽ ቁጥራቸው ሁልጊዜ አይገጥምምና አቤቱታ የሚጽፍላችሁ ሰው የክልሉን አዋጅ ከፊቱ ዘርግቶ ይጻፍ።

ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው እንኳ ለመፋታት ቢፈልጉ ስምምነታቸው ጸንቶ የሚሠራው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤተሰብ ሽማግሌዎች ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶ ስለነበር፣ በየገጠሩ ያሉ አባቶች ዛሬም ያ ሥልጣን በእጃቸው ያለ ቢመስላቸው አይገርመኝም፤ አዲሶቹ የቤተሰብ ሕጎች ግን ሽማግሌዎችን ያስቀሩት ለማስታረቅና የሽምግልናውን ውጤት ለፍርድ ቤት ለማሳወቅ ነው። ስለዚህ እህትህ የፈረመችው ወረቀት የፍቺ ውሳኔ አይደለም።

የጋብቻው አለመመዝገብም አያስፈራችሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ እህትህ የተዳረችው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመ ጋብቻን እኩል ያውቃል። የምዝገባ ማስረጃ በሌለበት ጊዜም ሰዎቹ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው መኖራቸውና ቤተሰቡም ጎረቤቱም እንደዚያው የሚያያቸው መሆኑ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል።

አሁን ወደ ሕፃኗ ልምጣ። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰች ወይም የተወለደች ልጅ አባቷ ባልየው ነው፤ ይህ የሕግ ግምት ነው። እናት ባሏ የልጁ አባት መሆኑን በሌላ መንገድ እንድታስረዳ አትገደድም፤ የጋብቻውን መኖር ካስረዳች ይበቃል። ለክርክር ያህል የሽማግሌዎቹ ወረቀት ጋብቻውን አፍርሷል ብንል እንኳ፣ ጋብቻ ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላና ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ውስጥ እንደተፀነሰ ይቆጠራል። ከመስቀል እስከ ሚያዝያ 10 ያለው ጊዜ ሰባት ወር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ ባልየው በየትኛውም በኩል ቢሄድ ከግምቱ አያመልጥም።

የሚቀረው መንገድ ልጅነትን የመካድ ክስ ነው። በዚህ ክስ ባልየው፣ ሕፃኗ ከመወለዷ በፊት ከ300ኛው እስከ 180ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ግንኙነት ለማድረግ ከቶ የማይቻለው እንደነበረ በማያጠራጥር ማስረጃ ማረጋገጥ አለበት። ቀኑን ቆጥረን እንየው። ሚያዝያ 10 ለተወለደች ልጅ ይህ ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት 10 ገደማ ነው። ሰውየው ወደ መተማ የሄደው በሐምሌ መጀመሪያ ከሆነ የሰኔን ሁለተኛ አጋማሽ በቤቱ ነበር፤ ለመስቀል ተመልሶም እስከ ጠቡ ድረስ በአንድ ጣራ ሥር አሳልፈዋል። «ክረምቱን በሙሉ» የሚለው ቃል ለሰፈር ወሬ ይበቃ ይሆናል እንጂ ሕጉ የሚጠይቀውን ጊዜ አይሸፍንም። ከዚህም ሌላ ክሱ መቅረብ ያለበት መወለዷን ካወቀበት ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው። እናቱ አራስ ጥየቃ የመጡበትን ቀን የሚያስታውሱ ሴቶች ካሉ ስማቸውን ከአሁኑ ያዙ፤ ልጁ የእናቱን ጉዞ አላወቀም ነበር ብሎ መከራከር ለማንም ይከብዳል።

በጥር ወር የተደገሰው ሠርግም ቢሆን ጋብቻው ጸንቶ ሳለ የሚፈጸም ከሆነ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ነው፤ በቤተሰብ ሕጉ የተከለከለ፣ በወንጀል ሕጉም የሚያስቀጣ ነው። ይህን ለሙሽራይቱ ቤተሰቦች በጨዋ ደንብ ማስታወቅ ተገቢ ይመስለኛል፤ እነሱም ሳያውቁ የሚጎዱ ሰዎች ናቸውና።

መልስ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከቢቸና

የሕግ አዋቂው የተናገሩትን አልቃወምም፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌ ሁሉ ሥልጣን የተመኘ እንዳይመስል አንድ ቃል ልጨምር። በእኛ አገር ባልና ሚስት ተጣልተው ሚስት በሌሊት ከቤት ስትወጣ የሚደርስላት ፍርድ ቤት አይደለም። ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች እህል ሳይበላሽ፣ ከብት ሳይሸጥ፣ ደም ሳይፈስ ለማለያየት ብለው እንደጻፉት አልጠራጠርም።

ልጄ፣ ያንን ወረቀት በንዴት እንዳትቀደው። «ተለያይተዋል» የሚል ጽሑፍ ሁለቱ ባልና ሚስት እንደነበሩ ባልየው በፊርማው ያረጋገጠበት ሰነድ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ በአንድ ቤት መኖራቸውንም ያሳያል። የሰማንያው ውል ቢጠፋ እንኳ ይህ ይበቃችሁ ይመስለኛል፤ የፈረሙት ሽማግሌዎችም ለእውነት የሚቀርቡ ምስክሮች ናቸው።

ነገር ግን ከክስ በፊት የሰውየውን እናት አንድ ጊዜ አነጋግሩ። ለአራስ ጥየቃ የመጣች፣ በክርስትናም የተገኘች ሴት የልጅ ልጇን ያወቀች ናት። ልጁ በችሎት ተገድዶ ከሚያምን በእናቱ ፊት ቢያምን ለሕፃኗ ይሻላታል፤ ነገ የምታድገው በዚሁ አገር ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቢቸናው አባት ያሉትን ለመፈጸም ለባልየው እናት ሰው ልከናል። ጠበቃውን የምጠይቀው፣ ባልየው በሽማግሌ ፊት «ልጄ ናት» ቢል ይበቃል ወይ? ስለ ቤቱና ስለ ባሕር ዛፉስ ምን ይላሉ?

መልስ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ ፍኖተ ሰላም

የመሬቱን ነገር እኔ ልመልስ። በመጀመሪያ የይዞታ ደብተሩ ይታይ። በክልላችን ደብተሩ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የሚይዝ ሲሆን፣ እህትህ ፎቶዋ ያለበት ከሆነ «የአባቴ መሬት ነው» የሚለው ክርክር ከመነሻው ሌላ መልክ ይይዛል። በጽሕፈት ቤቱ ያለውን መዝገብም አስፈትሹ፤ በባል ሣጥን ውስጥ ያለውን ደብተር ብቻ አትመኑ።

ደብተሩ በእሱ ስም ብቻ ቢሆንና መሬቱን በእርግጥ ከአባቱ በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘው ከሆነ የመጠቀም መብቱ የግሉ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሴቶች ባዶ እጃቸውን የሚወጡበት ስሕተት አለ፤ መሬቱ የግል ስለሆነ በላዩ ያለው ሁሉ የግል ይመስላቸዋል። የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ዘመን በጉልበታቸው ያፈሩትን ብቻ ሳይሆን ከግል ሀብታቸው የሚገኘውን ገቢም የጋራ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሁለት ቃዳ የአባት መሬት የታፈሰው ጤፍ የጋራ ነው፤ በጋብቻ ጊዜ ተተክሎ የደረሰው ባሕር ዛፍና በጋራ ወጪና ጉልበት የቆመው ቤትም ተገምቶ ለድርሻዋ መጠየቅ የሚገባት ነው። አንድ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙ በባልየው ላይ ነው።

ባሕር ዛፉን ሊቆርጥ ነው የሚል ነገር ከሰማችሁ ሳይሸጥ እንዲታገድ ለፍርድ ቤት ወዲያው አመልክቱ። የተሸጠ ዛፍ ስንት እንጨት እንደነበር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

መልስ፣ ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ

ባለሙያው በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው ጋብቻው ስላልፈረሰ ከመለያየታቸው በኋላ የተገኘ ገቢ፣ ዘንድሮ ከመተማ ያመጣው ገንዘብ ጭምር፣ በመርሕ ደረጃ የጋራ መሆኑን ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ የሽማግሌዎቹ ክፍፍልም በእሷ በኩል ጎዶሎ ከሆነ እንደገና እንዲጣራ መጠየቅ ይቻላል።

በሽማግሌ ፊት «ልጄ ናት» ማለት ለሰላም መልካም ነው፤ በሕግ ግን ልጅነትን መቀበል በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ መሆን አለበት። ባልየው ከተስማማ በዚያው ቀን አብሯችሁ ወደ ቀበሌው ይሂድ። ካልተስማማም የእሱ ፈቃድ የግድ አያስፈልግም፦ እህትህ ጋብቻዋን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዛ ስትቀርብ ሠራተኛው የአባትን ስም የማይጽፍበት ምክንያት የለውም። ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ሲሆን ጊዜው ማለፉ ምዝገባውን አያስቀረውም፤ ዘግይቶ እንደተመዘገበ ይያዛል።

አባቴ ከቢቸና ያሉትን ሽምግልና አከብራለሁ፤ ነገር ግን እስከ ጥር አይጠበቅ። ለወረዳው ፍርድ ቤት በሚቀርበው አቤቱታ ላይ ፍቺው፣ የልጅቷ ቀለብና አስተዳደግ፣ የንብረቱም ጉዳይ አብረው ይጠየቁ። ፍርድ ቤቱ ለማሰላሰል እስከ ሦስት ወር ሊሰጣቸው ወይም ወደ ሽማግሌ ሊመራቸው ስለሚችል፣ እናትና ልጅ በዚያ ጊዜ የሚኖሩበትን ጊዜያዊ ቀለብ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ መጠየቅ አይረሳ። ሕፃኗ ከእናቷ ጋር እንድትሆን የምትጠይቁትም የሁለቱን ወላጆች ኑሮ፣ ጤናና የልጅቷን ዕድሜና ጥቅም እያሳያችሁ ነው፤ «ልጅ እስከ አምስት ዓመት ለእናት» የሚለው የድሮው ሕግ ቃል ብቻውን ዛሬ አይበቃም።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌላት የቀበሌ ማስረጃ ይዛ በደሀ ደንብ እንድትከስ ማመልከት ትችላለች። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌላችሁም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኩል ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ስትመጡ የሰማንያውን ውል፣ የሽማግሌዎቹን ወረቀት፣ ሕፃኗ የተወለደችበትን የጤና ተቋም ማስረጃና የምስክሮቹን ስም ዝርዝር ያዙ።