የሳይማ ሐይቅ አቆስጣዎችን በፎቶ መቁጠር፦ ከየት ልጀምር?

ሰሜን_ነኝ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ፊንላንድ ዮኤንሱ ከተማ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሳይማ ሐይቅ አቆስጣ ነው። ፈረንጆቹ «ሲል» (seal) የሚሉት እንስሳ ማለቴ ነው፤ እዚህ አገር ኖርፓ ይባላል። ለማያውቀው ሰው፦ እነዚህ ባሕር አያውቁም። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ መሬቱ ከፍ እያለ መጥቶ ሐይቁን ከባሕር ለየው፤ እነሱም እዚያው ቀሩ። 10,000 ዓመት ገደማ ሆናቸው። በ1980ዎቹ ከ150 የማይበልጡ ነበሩ፤ አሁን ወደ 500 ይጠጋሉ።

ወደ ችግሬ ልግባ። ድንጋይ ላይ ወጥተው በሚተኙበት ቦታ ከተተከሉ ካሜራዎች የመጣ ብዙ ሺህ ፎቶ ተሰጥቶኛል፤ ሁሉም የሜይና የጁን ነው። የትኛው አቆስጣ የትኛው እንደሆነ እንዴት ነው የምለየው? ከለየሁስ በኋላ በካሜራ ያላየኋቸውን እንዴት አስልቼ ልጨምር? ሌላው ደግሞ፣ ኤፕሪል ላይ ስኖው ሥር የሚኖሩበትን ጎሬ ለመቁጠር ከቡድኑ ጋር እወጣለሁ። የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ቆሜ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ።

ካሜራ_ሰብሳቢ

እንኳን ደስ አለሽ፣ ቆንጆ ሥራ ነው የያዝሽው። ሌላ እንስሳ ላይ ነው የሠራሁት፣ ግን መንገዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ የግራ ጎንና የቀኝ ጎን ፎቶዎችን በሁለት ፎልደር ክፈያቸው። አቆስጣው ፀጉር ላይ ያሉት ቀለበት መሰል ምልክቶች እንደ ጣት አሻራ ናቸው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። የራሱ የግራ ጎን እንኳ ከቀኙ ጋር አይመሳሰልም። ሳትለዪ ከጀመርሽ አንዱን እንስሳ ሁለት አድርገሽ ትመዘግቢዋለሽ። ግራና ቀኙን የምታገናኚው ተከታታይ ፎቶ ላይ ሲገላበጥ ሁለቱንም ካሳየሽ ብቻ ነው። «ፊቱ ይመስላል» ብለሽ እንዳታገናኚ።

ሁለተኛ፣ ወቅቱ ራሱ ያሳስታል። በሜይ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት የሚጋደሙት ፀጉራቸውን ስለሚቀይሩ ነው። ለካሜራ ጥሩ ነው፣ ግን አሮጌው ፀጉር ገርጥቶ ቀለበቱ ይደበዝዛል። ያው እንስሳ ከውሃ እንደወጣና ከደረቀ በኋላ ሌላ ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቆስጣ አንድ «መታወቂያ» ፎቶ ሳይሆን እርጥቡንም ደረቁንም አስቀምጪ። አንገቱ አካባቢ ሲታጠፍ ንድፉ ስለሚጣመም በጎኑ መሐል ያለውን ተመልከቺ።

ሶፍትዌር ከፈለግሽ የላፔንራንታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዚሁ እንስሳ የሠሩት አለ። በ2022 የ57 አቆስጣዎች 2,080 ፎቶ ለሁሉም ክፍት አድርገዋል። በራስሽ ፎቶ ከመጀመርሽ በፊት በሱ ተለማመጂ፤ መልሱ ስላለ ስንቱን እንደሳትሽ ታውቂያለሽ። ፕሮግራሙ የሚመስሉትን ደርድሮ ያመጣልሻል። አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን በዓይንሽ አረጋግጪ፤ ቢቻል ሌላ ሰው ያንቺን መልስ ሳያይ ይድገመው።

ቁጥር_ወዳድ

ከላይ የተባለው ለምን እንደሚያሳስብ በቁጥር ላሳይሽ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።

ሜይ ላይ 40 አቆስጣ ለየሽ እንበል። ጁን ላይ 30 አየሽ፤ ከነሱ 20ዎቹ የሜይዎቹ ናቸው። ካየሻቸው ተነስቶ ጠቅላላውን የሚገምተው የቻፕማን ቀመር እንዲህ ይላል፦ በየቁጥሩ ላይ 1 ጨምሪና 41 በ31 አባዢ፣ ለ21 አካፍዪ፣ 1 ቀንሺ። 60 ገደማ ይመጣል። አሁን ከ20ዎቹ 5ቱን «አዲስ ናቸው» ብለሽ ብታልፊያቸውስ? አካፋዩ 16 ይሆንና ውጤቱ ወደ 78 ይዘላል። አምስት ፎቶ ስለደበዘዘብሽ ብቻ 18 አቆስጣ ከሰማይ ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ጥቂት በሆነ እንስሳ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሌላ ወጥመድ አለ። ቀመሩ ሁሉም እንስሳ ካሜራ ፊት የመምጣት ዕድሉ እኩል ነው ብሎ ይነሳል። ኖርፓ ግን የለመደውን ድንጋይ አይለቅም። ካሜራ የሌለበትን ድንጋይ የመረጠው በጭራሽ አይታይሽም። ሐይቁ ደግሞ ወደ 14,000 ደሴት ያለው ነው። ስለዚህ «ሳይማ ላይ ይህን ያህል አለ» ብለሽ አትጻፊ። የሐይቁን ክፍሎች፣ ሃውኪቬሲን ለብቻ፣ ፒህላያቬሲን ለብቻ አስሊ። ከአማካሪሽ ጋር ደግሞ የካሜራውን ቦታ ራሱ ወደ ስሌት ስለሚያስገቡት ሞዴሎች ተነጋገሪ፤ አር (R) በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ዝግጁ ናቸው።

የጫሞ_ልጅ

ያልተማረ ሰው ጥያቄ ይሁንና፣ ለምን በአውሮፕላን አይቆጥሯቸውም? አርባ ምንጭ አዞ የሚቆጠረው በሌሊት በባትሪ ነው፤ ዓይኑ ቦግ ይላል፣ አለቀ።

ካሜራ_ሰብሳቢ

@የጫሞ_ልጅ 😄 እንስሳው ይወስነዋል። አላስካ ኢሊያምና ሐይቅ ላይ ያሉትን አቆስጣዎች በአውሮፕላን ይቆጥሯቸዋል፤ እነሱ በኦገስት ደሴቶች ላይ በጅምላ ይወጣሉ። የሳይማው ክረምቱን ስኖው ሥር ነው የሚያሳልፈው፣ በበጋ ደግሞ አንድ አንድ እየሆነ በየድንጋዩ ይበተናል። ከላይ ሆነህ ምኑን ታየዋለህ?

እትዬ_ሳቮንሊና

የኔ ልጅ፣ ስለ በረዶው እኔ ልንገርሽ። ሐይቁ ዳር ስኖር ስንት ክረምት አለፈ።

ናስካሊ ግዢ። ሁለት እጀታ ያላቸው ሹል ብረቶች ናቸው፤ በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ። በረዶው ከድቶሽ ከገባሽ በሁለት እጅሽ እየወጋሽ ራስሽን ጎትተሽ ትወጫለሽ። ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጫቸው! ውሃ ውስጥ ሆነሽ ዚፕ አትከፍቺም። ጠንካራ አዲስ በረዶ 5 ሳንቲም ከሆነ ሰው ይሸከማል ይባላል። የኤፕሪሉ ግን ወፍራም ሆኖም ውስጡ የተበላ ነው። በሁለት ደሴቶች መሐል ያለ ጠባብ ቦታ፣ ድልድይ ሥር፣ ሸንበቆ አጠገብ ሁሉ ይሳሳል። መሪው በሄደበት ሂጂ፤ ፎቶ ላንሳ ብለሽ እንዳትገነጠዪ።

ቆጠራው ላይ የምትፈልጉት ጣሪያው የወደቀ ጎሬ ነው። ዳር ዳሩን ስትሄዱ ስኖው ሰርጎ፣ መሐሉ ላይ ወደ ውሃ የሚወርድ ቀዳዳ ታያላችሁ። ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ። በረዶው ላይ ነጭ ለስላሳ ፀጉር ከተጣበቀ ግልገል የተወለደበት ነው። የእንግዴ ልጅም አንዳንዴ ይገኛል፤ ለዲኤንኤ ስለሚፈለግ ለመሪው አሳዪው እንጂ በእጅሽ አትንኪው። የሚወለዱት በፌብሩዋሪና ማርች ስለሆነ በዚያ ጊዜ ማንም ወደ ጎሬው አይጠጋም።

ስኖው ባነሰበት ዓመት እኛ ራሳችን በአካፋ ከምረን ጎሬ የሚሠሩበትን የስኖው ቁልል እናዘጋጅላቸዋለን። ከ2014 ጀምሮ ነው። ጃንዋሪ ላይ እንምጣ ስትባዪ ውጪ፣ በረዶውን ትለምጂዋለሽ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ፎቶ ስትለጥፊ የድንጋዩን ቦታ አትጻፊ። ጀልባ ያለው ሁሉ ሊያይ ይሄዳል።

ሰሜን_ነኝ (ጠያቂ)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ናስካሊውን ዛሬ ገዛሁ። ፎቶውንም መክፈል ጀምሬያለሁ። አብዛኛው የግራ ጎን ሆነ፤ ድንጋዩ ዘንበል ስላለ መሰለኝ ሁሌ በአንድ በኩል ነው የሚተኙት። የቀኙን ልጣለው?

ቁጥር_ወዳድ

አትጣይው። ሁለቱን ለየብቻ አስሊ። የቀኙ ፎቶ ጥቂት ስለሆነ የስህተት ህዳጉ ይሰፋል፣ ችግር የለውም። ሁለቱ ግምቶች ከተራራቁ ግን ወደ ስሌቱ አትሩጪ፤ መጀመሪያ በድጋሚ የታዩት ያነሱበትን ጎን ፎቶዎች እንደገና አገላብጪ። ያመለጠ ግጥሚያ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው። ለሚቀጥለው ሜይ ደግሞ ከድንጋዩ ማዶ ሁለተኛ ካሜራ እንዲተከል አሁኑኑ ጠይቂ፤ እንስሳቱ ከመውጣታቸው በፊት መተከል አለበት።