ኢንተርን ሆኖ የመድኃኒት ስህተትን መቀነስ ይቻላል? እናንተ ጋር እንዴት ነው?

ሀይቅ_ዳር፦
ሰላም ሰዎች፣ ሀዋሳ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ነኝ። ባለፈው ዲዩቲ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኢንሱሊን 10 ብዬ ከጎኑ ዩኒት ለማለት "ዩ" የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ሞነጨርኩ፣ ፊደሏ ክብ ሆና ዜሮ መሰለች፣ ነርሷ "ዶክተር ይሄ መቶ ነው እንዴ?" ብላ ባትደውል ኖሮ... አሁንም ሳስበው ላብ በላብ ነው የምሆነው። ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ላነሳው አስቤ ፈራሁ፣ እዛ ስህተት ካወራሽ መሰደብ ነዋ። ማታ ማታ ኦርደር (የመድኃኒት ትእዛዝ) የምንጽፈው እኛ፣ የመድኃኒት ኮሚቴው ውስጥ ግን አንድ ኢንተርን የለም። ከየት ይጀመራል?

አር_ቱ፦
አይዞሽ እህቴ ያላለፈበት የለም። እኛ ዋርድ (የተኙ ታካሚዎች ክፍል) ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ስም የማይጻፍበት ደብተር አስቀመጥን፣ ለጥቂት የተረፈ ነገር ሁሉ እዛ ይገባል፣ አርብ አርብ 10 ደቂቃ እናነበዋለን። ሁለት ሳምንት ባዶውን ነው የከረመው፣ ሲኒየራችን የራሱን ስህተት ሲጽፍ ነው ሰው የደፈረው። ፕሮፖዛል ምናምን አትጀምሪ ሳይጸድቅ ሮቴሽንሽ (እዛ ክፍል የምትቆዪበት ጊዜ) ያልቃል።

ፋርማሲስቱ፦
"ዩኒት" ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ በናታችሁ። 1.0 ም አትበሉ፣ ነጥቧ ካልታየች 10 ናት፣ ግማሽ ሲሆን ደግሞ 0.5 እንጂ ዜሮዋን አትዝለሉ። ፖታሲየም ክሎራይድ አምፑል ዋርድ መደርደሪያ ላይ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ስር ከተገፋ ልብ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት ስህተት የሚመጣ ከባድ ጉዳትን በ5 ዓመት በግማሽ እንቀንስ ብሎ ነበር፣ እኛ ገና እጅ ጽሑፍ ላይ ነን ሃሃ። ራውንድ (ታካሚዎችን እየዞራችሁ ስታዩ) ላይም ጥሩን፣ ስቶር ውስጥ ብቻ አይደለም የምንሠራው።

ሲስተር_ም፦
እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ሌሊት የደወለችላችሁን ነርስ አትቆጡ። "ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?" ያለኝ ልጅ ነበር፣ ከዛ በኋላ ለመደወል ሁለቴ ነው የማስበው፣ እውነቴን ነው። በስልክ ኦርደር ስትሰጡም መልሼ ሳነብላችሁ "አዎ አዎ" ብላችሁ አትዝጉት፣ ዶፓሚንና ዶቡታሚን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፣ በእንቅልፍ ጆሮ ግን አንድ ናቸው።

ሀይቅ_ዳር፦
እሺ ሲስተርዬ፣ ለዛች ነርስ ቡና ገዝቼላታለሁ 😅 ደብተሩንም ዛሬ ከፒያሳ ገዛሁ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሴን 10 ጽፌያለሁ። ሲኒየሩ ይጻፍበት አይጻፍበት አርብ እነግራችኋለሁ።